ፎኒም፦ የቃሉ ምንጭና የተሸከመው ሐሳብ

ዛሬ የምናገረው «ፎኒም» ስለሚባለው የሥነ ልሳን ቃል ነው። ሥሩ ግሪክኛ ነው፤ «ፎኔማ» ከአፍ የወጣ ድምፅ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዱፍሪሽ ደዠኔት እ.ኤ.አ. በ1873 ለፓሪስ የሥነ ልሳን ማኅበር ቃሉን ሲያቀርብ፣ ጀርመኖች የንግግር ድምፅን ለሚጠሩበት ቃል የፈረንሳይኛ አቻ ማግኘቱ ነበር እንጂ አዲስ ሐሳብ አላመጣም። የሥነ ልሳን ምሁሩ ፈርዲናንድ ደ ሶስዩር ተቀበለው፤ በእርሱም በኩል በሩሲያ ካዛን ያስተምሩ ወደነበሩት ፖላንዳውያን፣ ወደ ክሩሼቭስኪና ወደ ቦዱዌን ደ ኩርትኔ ተሻገረ። ድምፅና ፎኒም መለያየት የጀመሩት በእነርሱ እጅ ነው። ኋላም የፕራግ የሥነ ልሳን ክበብ አባል የነበሩት ኒኮላይ ትሩቤትስኮይ ከሞቱ በኋላ በ1939 በታተመ ሥራቸው ፎኒምን ትርጉም በሚለይ ተቃርኖ አጸኑት። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም ከግሪክኛው ሥር ብንፈልገው አናገኘውም፤ የምናገኘው ኋላ በተሰጠው ሥራ ውስጥ ነው።

ማስረጃው በገዛ አፋችን አለ። «እንደ» ስንል በ«ን» ላይ የምላሳችን ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ኋላ ያርፋል፤ «እንግዳ» ስንል ግን የምላሳችን ጀርባ ወደ ላንቃ ይነሣል። ድምፆቹ ሁለት ናቸው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ «ን» ብቻ ይሰማል፤ በልዩነታቸው የሚለይ ቃል የለውምና። በእንግሊዝኛ ግን ኃጢአትን (sin) ከመዝፈን (sing) የሚለየው ይኸው ልዩነት ነው። በአንጻሩ «አለ» ላልቶ ሲነገር «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነገር «ይገኛል» ማለት ነው። ድምፅን ፎኒም የሚያደርገው በቋንቋው ውስጥ ያለው ድርሻ ነው።

«ፊደል እያለን ይህ ቃል ለምን ያስፈልገናል?» የሚል ይኖራል። ፊደላችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን መጥበቅና መላላትን በአንድ መልክ ይጽፋል፤ በዛሬው አማርኛ በድምፅ የማይለያዩትን ሀ፣ ሐ እና ኀን ደግሞ በሦስት። ፊደልና ፎኒም አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ባልሆነ። «ፎኒም የምሁራን ረቂቅ ፈጠራ ነው» የሚሉም አሉ። ረቂቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ፈጠራ ግን አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሁለቱን «አለ» አያምታታም። እንግዲህ አማርኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የሚያስተምር፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር የሚሠራ ሁሉ በፊደሉ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም፤ የቋንቋውን ፎኒሞች ለይቶ ማወቅ፣ መጥበቅና መላላቱንም ምልክት ማድረግ ግዴታው ነው።