ወሰን የማያግደው ጉድፍ፤ ከተሞችና ጎረቤቶቻቸው በጋራ ሊያቅዱት ስለሚገባ ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ሕዝቡ «ቆሼ» እያለ በሚጠራው የረጲ ቆሻሻ መድፊያ፣ ከ50 ዓመታት በላይ ሲከመር የኖረው ጉድፍ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ደሳሳ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለ3 ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

የዚህ ንግግር ዓላማ ያን ሐዘን መቀስቀስ አይደለም። ነገር ግን ለሙያው ሰው ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም፣ ከአደጋው ቀደም ባለው ዓመት የከተማይቱ ቆሻሻ ከቆሼ ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መጓጓዝ ጀምሮ የነበረ መሆኑና ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ወደ ቆሼ መመለሱ ነው። ክምሩ ለምን ተናደ ለሚለው ጥያቄ የአፈር መሐንዲሱ ብዙ ምክንያት ሊዘረዝር ይችላል። ቆሻሻው ለምን ተመለሰ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ የሚገኘው በአፈሩ ውስጥ ሳይሆን፣ በሁለት ጎረቤት አስተዳደሮችና በመካከላቸው በሚኖረው ገበሬ ግንኙነት ውስጥ ነው።

የሰንዳፋ ትምህርት

አዲሱ ስፍራ በኦሮሚያ ክልል በሰንዳፋ ከተማ አቅራቢያ የተሠራው የቆሻሻ መቅበሪያ ነበር። ሥራው የፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ የነበረበት ሲሆን፣ እንደ ቆሼ ያለ ተራ መድፊያ ሳይሆን የፍሳሽ መከላከያ ያለው ዘመናዊ መቅበሪያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻ መቀበል ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው እንዳስቸገራቸው፣ ውሃቸው እንደ ተበከለና ከብቶቻቸው እንደ ታመሙ፣ ለመሬታቸው የተሰጣቸው ካሣም በቂ እንዳልሆነ አመለከቱ። በዚያው ዓመት ክረምት የቆሻሻ መኪኖቹን መንገድ ዘጉ፤ ሥራውም ቆመ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ።

ይህ የሆነበት ወቅትም መታወስ አለበት። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያስተሳስረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደ ገና ተቀስቅሶና ብዙ ሕይወት ጠፍቶ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር ፕላኑ መሰረዙ ተነግሯል። ገበሬው «የጋራ ፕላን» የሚለውን ቃል የሰማው መሬት ከመልቀቅ ፍርሃት ጋር ነበር። በዚህ መካከል ወደ ደጃፉ የመጣው ደግሞ የከተማው ቆሻሻ ሆነ። የመሐንዲሱ ሥዕል ምንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተተከለ ሥራ ሊጸና አይችልም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ጉድፍ በራሱ ወሰን ውስጥ ይቅበር» የሚል ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይቆምም። የዚህም ምክንያቱ በርካታ ነው።

ለምን በጋራ?

አንደኛው ምክንያት ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጠጣው ውሃ ከፍ ያለው ድርሻ ለብዙ ዓመታት የመጣው ከከተማይቱ ወሰን ውጭ ከሚገኙት ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ነው። ለገዳዲም ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። በአንጻሩ በከተማይቱ ውስጥ የሚጣለው ጉድፍና የሚወጣው ፍሳሽ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች እየታጠበ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለሆነም ንጹሑን የሚሰጠውም፣ የቆሸሸውን የሚቀበለውም ያው ጎረቤት ነው። ቆሻሻን በወሰን ውስጥ አስቀርቻለሁ የሚል ከተማ ራሱን ያታልላል።

ሁለተኛው ምክንያት ወጪ ነው። በአግባቡ የተሠራ መቅበሪያ ውሃ የማያሳልፍ ወለል፣ የፍሳሽ መሰብሰቢያ ቱቦና ማጣሪያ፣ የጋዝ ማውጫ፣ የመኪና ሚዛን፣ መጥረጊያ ትራክተርና የውሃ መመርመሪያ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። እነዚህ ነገሮች በቀን 50 ቶንም ቢመጣ 500 ቶን ሳይቀሩ መኖር አለባቸው። አንድ ትንሽ ከተማ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ወጪ፣ 5 ከተሞች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚቻል ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ጉድፍን ዳግም ሥራ ላይ የማዋል ጉዳይ ነው። ፕላስቲክ፣ ወረቀት ወይም ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ፋብሪካ የሚፈልገው በየጊዜው የማይቋረጥ፣ ጥራቱ የማይለዋወጥና ተጨምቆ የታሰረ ዕቃ ነው። ከአንድ ትንሽ ከተማ በሳምንት የሚሰበሰበው ዕቃ የማጓጓዣውን ዋጋ እንኳ ላይችል ይችላል። ጎረቤታም ከተሞች አንድ የመለያና የማጨቂያ ጣቢያ በጋራ ቢያቋቁሙ ግን ገበያውን ይደርሱበታል።

የቶኪዮ «የቆሻሻ ጦርነት»

ከሰንዳፋ ጋር የሚመሳሰል ችግር የደረሰበት አገር ብዙ ነው። ለአሁኑ ጉዳይ ይልቁን የሚጠቅመው የቶኪዮ ታሪክ ነው።

በቶኪዮ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የኮቶ ክፍለ ከተማ የሌሎቹን ክፍለ ከተሞች ጉድፍ ለረጅም ዘመን ሲቀበል ኖሯል። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ የቆሻሻ መኪኖች በመንገዶቹ ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ከመድፊያው የተነሣ የዝንብ መንጋ የሕዝቡን ኑሮ አውኮታል። በሌላ በኩል በምዕራብ የሚገኘው የሱጊናሚ ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ በሰፈሩ በታካይዶ ሊሠራ የታሰበውን የቆሻሻ ማቃጠያ አጥብቆ ተቃወመ። ከዚህ የተነሣ የሱጊናሚ ጉድፍ ሳይቃጠል ወደ ኮቶ መሄዱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቶኪዮ ገዥ ርዮኪቺ ሚኖቤ «የቆሻሻ ጦርነት» መጀመሩን አወጁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ኮቶ የሱጊናሚን መኪኖች በመንገድ ላይ አገደ።

የኮቶ ሰዎች የጠየቁት ቆሻሻ ከናካቴው እንዳይመጣ አልነበረም። ጥያቄያቸው «ሸክሙን ለምን እኛ ብቻ እንሸከማለን?» የሚል ነበር። በሱጊናሚ ያለው ጠብ እ.ኤ.አ. በ1974 በፍርድ ቤት በዕርቅ አለቀ፤ የታካይዶ ማቃጠያም እ.ኤ.አ. በ1982 ተጠናቀቀ። መኪኖቹ ከመሬት በታች በተሠራ መንገድ እንዲገቡ ተደረገ፤ ከማቃጠያው የሚወጣው ሙቀትም ለአካባቢው ሕዝብ መዋኛ ውሃ ማሞቂያ ዋለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጉድፉን ከየቤቱ የመሰብሰብ ሥራ የ23ቱ ክፍለ ከተሞች የየራሳቸው ሆነ፤ የማቃጠሉ ሥራ ደግሞ 23ቱ በጋራ ላቋቋሙት አካል ተሰጠ። ማቃጠያ የሌለው ክፍለ ከተማ ማቃጠያ ላለው በገንዘብ የሚያካክስበት ሥርዓትም በኋላ ተጨመረ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ዕርቁም ሆነ የጋራው አካል የመጣው ቅሬታው በይፋ ከተነገረና ከተሰማ በኋላ መሆኑ ነው። መንገድ የዘጋው ወገን እንደ ጠላት አልታየም፤ የሂሳቡን ጉድለት ያሳየ ወገን ሆኖ ተቆጠረ።

ከዚህ የሚወሰዱ መመሪያዎች

ከሁለቱ ታሪኮች ለአዲስ አበባና ለጎረቤቶቿ፣ እንዲሁም ለሌሎች እያደጉ ላሉ ከተሞች የሚሆኑ አራት መመሪያዎች ይገኛሉ።

አንደኛ፤ መተባበር መጠቅለል አይደለም። ሁለት አስተዳደሮች አንድ የቆሻሻ ቦርድ ሲያቋቁሙ ወሰናቸው አይናወጥም፤ የመሬት ባለቤትነታቸውም አይለወጥም። ቦርዱ የተወሰነ ሥራ፣ የተወሰነ ሂሳብና የተወሰነ ዘመን ሊኖረው ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5፣ አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሐል በመገኘቷ የሚነሡ የጋራ አስተዳደር ጉዳዮች እንደሚኖሩና ዝርዝራቸውም በሕግ እንደሚወሰን አስቀድሞ አመልክቷል። ቆሻሻ ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱ መሆኑን ሰንዳፋ በተግባር አሳይታለች። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ከነበሩት ከተሞች በርካቶቹ ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር መሰብሰባቸው ደግሞ፣ በጉዳዩ ላይ አብሮ የሚመክረውን ወገን ቁጥር አሳንሶታል።

ሁለተኛ፤ ካሣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ መሆን የለበትም። መቅበሪያ ለአሥርተ ዓመታት የሚኖር ጎረቤት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቶን ላይ የሚታሰብ ክፍያ በሚዛን ተመዝግቦ ለአስተናጋጁ ወረዳ በየወሩ ገቢ ቢሆን፣ ገበሬው ከጉዳቱ ጋር ጥቅሙንም ያያል። ከዚሁ ክፍያ ላይ ስፍራው ሲሞላ ለመዝጊያና ለመልሶ ማልሚያ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊጠራቀም ይገባል።

ሦስተኛ፤ ቁጥጥሩ የጋራ ይሁን። የጉድጓዱን ውሃ የሚመረምረው የከተማው ባለሙያ ብቻ ከሆነ ውጤቱን የሚያምን ገበሬ አይገኝም። የአካባቢው ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ናሙናው ሲወሰድ ይገኙ፤ ውጤቱም በሕዝቡ ቋንቋ ይነገር። ማሸጋገሪያ ጣቢያውና የፍሳሽ ማጣሪያው ሥራ ሳይጀምሩ አንድም መኪና እንዳይገባ የማገድ ሥልጣን ለአስተናጋጁ ቢሰጥ፣ ከጥድፊያ የሚመጣውን ጉዳት ያስቀራል።

አራተኛ፤ ከመቅበር በፊት መቀነስ ይቅደም። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ጉድፍ ከግማሽ በላይ የሆነው የሚበሰብስ የምግብና የዕፅዋት ትራፊ ነው። ሽታ የሚያመጣውና ፍሳሹን የሚያከፋው ይኸው ነው። ይህ ክፍል ከምንጩ ተለይቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ቢሆን፣ ለመቅበሪያው የሚተርፈው ሸክም በእጅጉ ይቀልላል። ከዚህም ሌላ ከተማው ለገበሬው የሚልከው ነገር ጉድፍ ብቻ መሆኑ ይቀርና ለማሳው የሚጠቅም አፈር ይሆናል። የቀረውን ለመለየት ደግሞ አገሪቱ ከውጭ የምትማረው ብዙ የለም። «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰውና በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ የሚያወጣው ባለ እጅ፣ የመለየትንና መልሶ የመጠቀምን ሥራ ማዘጋጃ ቤቶች ከማሰባቸው በፊት ሲሠሩት ኖረዋል። የጋራ ፕላን ሲነደፍ እነዚህ ሰዎች የሚለዩበት ቦታ፣ ውሃና ጥላ ከተዘጋጀላቸው የሥራው ምሰሶ ይሆናሉ፤ ከተዘነጉ ግን በቆሼ እንደ ታየው ከክምሩ ሥር ይገኛሉ።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው፣ ጉድፍ ለኅብረተሰቡና ለኢኮኖሚው የሚጠቅም ሀብት እንዲሆን ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ የተመረቀው፣ በቀን 1,400 ቶን ጉድፍ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው ጣቢያም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። ከአደጋውም በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በቆሼ የተሞከረው የፉኩዎካ ዘዴ፣ ከክምሩ ሥር ቀዳዳ ባላቸው ቱቦዎች ፍሳሹን እያስወጣና አየር እያስገባ ጉድፉ ቶሎ እንዲበሰብስ የሚያደርግ፣ በርካሽ ዕቃም ሊሠራ የሚችል ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ሆኖም የሚበሰብሰው እርጥብ ጉድፍ ሳይለይ የሚቀርብለት ማቃጠያ ኃይሉ ይደክማል፤ ማቃጠያም ቢሆን ሊቀበር የሚገባው አመድ ይተርፈዋል። ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ከጎረቤት ጋር የመስማማትን ግዴታ አያስቀርም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

መሐንዲስ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያና የጤና ጥበቃ ሠራተኛ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠየቁት ስሌት ብቻ አይደለም። የመቅበሪያ ቦታ ምርጫ ሰነድ በባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ የአፈሩን ዓይነትና የከርሰ ምድሩን ውሃ ጥልቀት ከሚያሳየው ገጽ አጠገብ፣ የአስተናጋጁ ወረዳ ስምምነት፣ የየወሩ ክፍያ ስሌትና የጋራ ቁጥጥሩ ደንብ ያለበት ገጽ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የሙያው ግዴታ ነው። ያ ገጽ ከሌለ ሰነዱ አልተሟላምና ፊርማ አይገባውም።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከሰንዳፋ መንገድ የተመለሱት መኪኖች የት እንደ ሄዱ ይታወቃል። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት የሆነውም ይታወቃል። በሁለቱ መካከል የነበሩት ወራት አንድ ስምምነት ሊጻፍባቸው የሚችሉ ወራት ነበሩ። ወደ ፊት እንዲህ ያሉ ወራት ሲመጡ ባክነው እንዳይቀሩ፣ ስምምነቱ ከወዲሁ ይጻፍ።