ቆረሶ የሚራባበትን ጊዜና ቦታ ስለ ማወቅ
(በአዲስ አበባ፥ በአትላስ ሰፈር፥ ከሐይቅ ዳር ለመጡ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተነገረ)



ከሐይቅ ዳር ተነሥታችሁ እስከዚህ እስከ አትላስ ስትመጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ምግብ ቤቶች አይታችኋል። በዐቢይ ጾም ወራት በእነዚህ ቤቶች የዓሣ ጥብስና የዓሣ ዱለት የሚጠይቀው ሰው ይበዛል። ዓሣው ግን የሚመጣው ከቆቃ፥ ከዝዋይ፥ ከሐዋሳ፥ ከጫሞና ከጣና ነው። ገዢው እዚህ ሲበዛ መረቡ እዚያ ይበዛል ማለት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ገበያ በሚደራበት ወራት ቆረሶውን እንዴት እንደምታገኙትና ዘሩንም እንዴት እንደምታተርፉት ነው።

በመጀመሪያ ጊዜውን እንመልከት። ቆረሶ ሙቀት ወዳድ ዓሣ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መራባቱን ይተዋል፤ ሞቅ ባለበት ሐይቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል። ሆኖም የሚበረታበት ወራት አለው። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገው ጥናት ከጥር እስከ መጋቢት፥ ደግሞም ከሐምሌ እስከ መስከረም መራባቱ እንደሚበረታ ታውቋል። የመጀመሪያው ወራት ከጾሙ ገበያ ጋር የሚገናኝ መሆኑን ልብ በሉ። በሌላው ሐይቅ ወራቱ ሊለያይ ስለሚችል የልማት ሠራተኛው በየአካባቢው እየተመለከተ በደብተሩ ይጻፍ።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ወንዱ ቆረሶ ከዳር ብዙ ሳይርቅ፥ ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት፥ ወለሉም አሸዋ ወይም ጠንከር ያለ ጭቃ በሆነበት ስፍራ በአፉ እየቆፈረ እንደ ሣህን ክብ የሆነ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ይህን ለማየት ነፋስ ሳይነሣ፥ ውኃው ጸጥ ባለበት በማለዳ ሂዱ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፥ ሳትንኳኩ በዝግታ ከዳር ዳር ተመልከቱ። በጨለማው ወለል ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ክብ ክብ ቦታዎች ካያችሁ ጎጆው እርሱ ነው። ወንዱም በላዩ ሲያንዣብብ፥ ሌላ ወንድ ሲጠጋው ሲያባርር ታዩታላችሁ።

በሰሜን አሜሪካ ሰንፊሽ የሚባል ዓሣ አለ። እርሱም እንዲሁ በዳር ክብ ጎጆ ይቆፍራል፤ ወንዱም እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ከጎጆው ሳይለይ ይጠብቃል። የእኛ ቆረሶ ልማድ ግን ሌላ ነው። ሴቲቱ እንቁላሏን በጎጆው ውስጥ ከጣለች በኋላ ወዲያው ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በጥቂት ቀን ውስጥ በአፏ እንዳለ ነው፤ ጫጩቶቹም ጠንክረው እስኪዋኙ ድረስ ከእርስዋ አይለዩም። በዚህም ሁሉ ጊዜ እናቲቱ ምግብ አትበላም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ «ጎጆው ባዶ ነው፤ እንቁላል የለበትም» ብላችሁ አትታለሉ። እንቁላሉ በእናቲቱ አፍ ውስጥ ሆኖ በአቅራቢያው ባለው ቄጠማ ውስጥ ተሸሽጓል።

ከእናንተ አንዱ፥ «ታዲያ በዚህ ወራት አታጥምዱ ልትለን ነው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ነገር ግን እንደሚከተለው አድርጉ።

አንደኛ፥ በጎጆውና በቄጠማው ላይ የሚጎተት መረብ አትጎትቱ። መረቡ ጎጆውን ያፈርሳል፤ የተያዘችውም እናት እንቁላሏን ትተፋዋለች፤ የተተፋውም ይጠፋል።

ሁለተኛ፥ በዳር በኩል በመንጠቆ አጥምዱ። እንቁላል የያዘችው እናት ስለማትበላ መንጠቆውን እምብዛም አትነክስም። ነገር ግን ጎጆውን የሚጠብቀውን ወንድ ትታችሁ ከጎጆዎቹ ወደ ጥልቁ በኩል ጣሉ።

ሦስተኛ፥ የአገጭዋ ሥር ያበጠ፥ በአፏም እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘች ዓሣ ስትገኝ ከውኃው ሳትርቅ ወዲያው ልቀቋት።

አራተኛ፥ የማኅበር አባሎች የሆናችሁ ጎጆ የሚበዛበትን አንድ የባሕር ዳር በመራቢያው ወራት እንዳይነካ በስምምነት ከልሉት። ከዚያ የሚወጣው ዓሣ ለሁላችሁም መረብ ይደርሳል።

ይህን የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ከክረምት እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ይወጣል። መንገዱንና ጊዜውን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው በወንዙ አፍ መረብ ይጋረድበታል፤ በወንዙም ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት በወንዝ የሚራባው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እነሆ፥ ዓሣው የሚራባበትን ቦታ ማወቅ ያለ ቁጥብነት ሲሆን የሚያመጣው ይህን ነው። መንግሥትም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ያወጣው ሀብቱ እንዲህ እንዳይጠፋ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእናንተ መካከል ጎተራው ቢጎድልበት እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ አውጥቶ የሚያስፈጭ ማን ነው? ቸግሮት ቢያደርገው እንኳ የሚመጣው ዓመት ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። በአፏ እንቁላል የያዘች ቆረሶም የሐይቁ የዘር እህል ናት። አንዲቱን ብትለቋት በመቶ የሚቆጠር ጫጩት ትመልሳለች። አንዲቱን ብትሸጧት ግን የምታገኙት የአንድ ዓሣ ዋጋ ብቻ ነው።

የልማት ሠራተኞችም ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱ ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። በማለዳ ገበሬውን ይዛችሁ ወደ ዳር ውረዱ፤ ጎጆውን በዓይኑ ይይ፤ የያዘችውንም እናት በእጁ ይልቀቅ። በዓይኑ ያየውንና በእጁ የሠራውን ገበሬ አይረሳውም።

እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።