አየር ሲያጥር ሂሳቡ ይለወጣል
(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክበባት አባላት የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የመጣሁት ስለ ኬሚስትሪ ላወራችሁ ነው። «እንዴ! ኬሚስትሪና የፀረ ኤድስ ክበብ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። ክበባችሁ የተቋቋመው ሕይወት ለማዳን ነው፤ ሪአክሽን በደንብ የገባው ተማሪም ሕይወት ያድናል።

ብዙዎቻችሁ ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግን ለፈተና ብቻ የሚጠና የቁጥር ጨዋታ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ግን እንደ ዕቁብ ሂሳብ ነው የማየው። የገባው ሁሉ መውጣት አለበት፤ አንዲት አቶም አትጠፋም፣ አንዲትም ከየትም አትጨመርም።

ከቀላሉ እንጀምር። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ላይ ጠብ ሲል ነጭ አረፋ ያወጣል አይደል? ይህ ዲኮምፖዚሽን ነው፤ አንዱ ነገር ይፈርስና ሁለት ይሆናል።

2 ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ → 2 ውሃ + 1 ኦክስጅን

ቁጠሩት! በግራ 4 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን አቶም አለ፤ በቀኝም እንዲሁ። የኦክስጅን ጋዝ ሁለት ሁለት አቶም ተጣምሮ እንደሚሄድ አትርሱ። አረፋውን የሚነፋውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ከሰል ማንደጃው እንምጣ። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ይህ ኮምቢኔሽን ይባላል። በቂ አየር ካለ፦

1 ካርቦን + 1 ኦክስጅን → 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አየር ሲያጥር ግን ያው ኦክስጅን ለሁለት ካርቦን ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አቶም ብቻ ይደርሰዋል፦

2 ካርቦን + 1 ኦክስጅን → 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ

ልብ በሉ! የተለወጠው ቁጥር ብቻ ይመስላል፤ የወጣው ግን ገዳይ ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ መስሎ ይጥላል። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል» ብሎ ማንደጃ ቤት ማስገባትም አያድንም፤ ፍሙም ያንኑ ጋዝ ያወጣል።

በተለይ ከገጠር መጥታችሁ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ አደራ! በር ዘግታችሁ ከሰል አትሙቁ። ደጅ አብስሉ። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን አውጡ። የታፈነ ሰው ካጋጠማችሁ በሩን ከፍታችሁ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፤ ፈጥናችሁም ጤና ጣቢያ አድርሱት።

በመጨረሻ፣ ለክበባችሁ ቅርብ የሆነው በረኪና ነው። የፈሰሰ ደም ስናጸዳ ጓንት እናጠልቃለን፤ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ለ9 እጅ ውሃ እንበጠብጣለን። ኤች አይ ቪን ይገድላል። «ይበልጥ እንዲበረታ» ብሎ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የሚቀላቅል ሰው ግን ይህን ያገኛል፦

1 ሶዲየም ሃይፖክሎራይት + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 1 የገበታ ጨው + 1 ውሃ + 1 ክሎሪን ጋዝ

ክሎሪን ሳንባ ያቃጥላል። በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅሉ!

እንግዲህ ፈተናውን እናንተ ታልፉታላችሁ። እናቶቻችሁና ታናናሾቻችሁ ግን ይህን ኢኩዌሽን አልተማሩትም፤ ዛሬውኑ ማታ በቤታችሁ ቋንቋ ንገሯቸው።