በቀን ስለሚበራ የመኪና መብራት
(በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ትናንት ከአዳማ ተነሥቼ፣ በሞጆ ታጥፌ፣ መቂን፣ ባቱንና ቡልቡላን አልፌ እዚህ የደረስሁት በእኩለ ቀን አጭር መብራት አብርቼ ነው። በጉዞዬ ሁሉ ከፊት ለፊቴ የሚመጡት ሾፌሮች አንዱ ጣቶቹን እየዘረጋና እየጨበጠ፣ ሌላው መብራቱን ብልጭ እያደረገ «ረስተሃልና አጥፋ» ይሉኝ ነበር። ባቱ ላይ አንድ የጋሪ ነጂ ልጅ ሳይቀር «ጋሼ፣ መብራት!» ብሎ ጮኸልኝ። ይህ ባትሪው አልቆ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር ከማሰብ የመጣ የአገራችን ሰው ደግነት ነው፤ ይመሰገናል። ነገር ግን ደግነቱ የተመሠረተበት ሐሳብ ልክ አይደለም። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ዲናሞው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በቀን የሚበራ መብራት ሾፌሩ እንዲያይበት ሳይሆን ሌላው እንዲያየው የሚበራ ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከቡልቡላ ወዲህ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ወጣሁ። መንገዱ ባዶ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ካነሣው ነጣ ያለ አቧራ ውስጥ አቧራውን የመሰለ አመድማ መኪና ድንገት ብቅ አለ። ሾፌሩ ወደ መንገዱ ዳር ወርዶ ባያሳልፈኝ ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ ባልቆምሁ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ ሳላይ ወጥቻለሁ። ሆኖም ያ መኪና መብራት አብርቶ ቢሆን ኖሮ ባልወጣሁም ነበር።

ስሌቱን እንመልከት። ሁለት መኪናዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፊት ለፊት ቢመጡ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሴኮንዱ 44 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ለመቅደም 10 ሴኮንድ የሚያስፈልገው ሾፌር እንግዲህ ከ440 ሜትር በላይ የጠራ መንገድ ማየት አለበት። በላንጋኖና በአብያታ ሐይቆች መካከል በሚያልፈው በዚህ አስፋልት ላይ ደግሞ የበጋው አቧራ፣ የግራሩ ጥላና በትኩስ አስፋልት ላይ ውሃ መስሎ የሚታየው ነጸብራቅ ዓይንን ያታልላሉ። ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ወደ ሞጆ የሚነዳም ፀሐይዋ ፊቱን ስለምትመታው፣ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣው መኪና ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታየዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሁለት የብርሃን ነጥቦች የመኪናውን መኖርና አቅጣጫውን አስቀድመው ይናገራሉ።

ሌሎች አገሮች ይህን ከተገነዘቡ ቆይተዋል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ከከተማ ውጭ በክረምት፣ ስዊድን በ1977 በማናቸውም ወቅት መብራት እንዲበራ ደነገጉ። ካናዳ ከታኅሣሥ 1989 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች መብራቱ እንዲኖራቸው አዘዘች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2011 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች ላይ ግዴታ አደረገው። የሰሜኑ አገሮች ፀሐይ ደካማ ናት፣ የእኛ ግን ብርቱ ናት የሚል ይኖራል። መልሱ አቧራውና ጥላው ነው፤ ብርቱ ፀሐይ ራሷ ዓይንን ታጭበረብራለችና።

የተቃዋሚዎችን ቃልም መሸሸግ አይገባም። ኦስትሪያ በ2005 ያወጣችውን ይህንኑ ግዴታ በ2008 መጀመሪያ ሽራለች። መብራት ያለው ሁሉን ዓይን ሲስብ፣ መብራት የሌለው እግረኛና ብስክሌተኛ ይዘነጋል የሚል ሥጋት ነበር። ጋሪ፣ አህያና የከብት መንጋ በሚሻገሩበት በእኛ መንገድ ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም። ስለዚህ መብራት ማብራት ፍጥነት ለመጨመር ፈቃድ አይሆንም። በሌላ ወገን ግን፣ መንገድ ሊሻገር የቆመው እረኛ የመኪናውን መምጣት ከሩቅ የሚያውቀው በዚሁ መብራት መሆኑን አንርሳ።

አሁን ወደ ጋራዣችን ልመለስ። በአንዳንድ መኪና መሣሪያው ከፋብሪካ ተገጥሞ ሳለ ሥራው ተዘግቶ ይመጣል፤ እርሱን በመኪናው ኮምፒዩተር መክፈት ይበቃል። መሣሪያው ለሌለው መኪና ስንገጥም አራት ነገሮችን እንጠብቅ። አንደኛ፣ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ ሳይሆን በሞተሩ ቁልፍ በሚታዘዝ ሬሌ በኩል፣ በራሱ ፊውዝ እናሳልፈው። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ነጭ ይሁን፤ ሰማያዊና ቀይ የአደጋ ጊዜ መኪናዎች ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ የፊት መብራቱ ሲበራ ይህኛው እንዲጠፋ ወይም እንዲደበዝዝ እናድርግ። አራተኛ፣ ለባለቤቱ አንድ ነገር ሳንነግር ቁልፉን አንስጠው፤ ይኸውም ይህ መብራት ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ አለመብራቱን ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ አጥብቄ ልናገር። በእኛ አገር ምሽት ሳይዘገይ ይጨልማል። የፊቱ ብርሃን ያታለለው ሾፌር መብራት ያበራ መስሎት፣ ጀርባው ጨልሞ ሊጓዝ ይችላል፤ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና አያየውም። ስለሆነም በአቧራ፣ በዝናብና በማታ አጭር መብራቱን ራሱ ማብራት አለበት። መሣሪያው የሌለውም ቢሆን ምንም ሳያስገጥም፣ ከከተማ ሲወጣ አጭር መብራቱን ቢያበራ ይበቃዋል። ሁለቱ የፊት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ያህል ቢወስዱ ነው፤ የሚጨምረው ነዳጅ ጥቂት፣ የአምፖል ወጪውም የሚቻል ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ከነገ በስቲያ ስብሰባችን ተፈጽሞ በዚሁ መንገድ እንመለሳለን። ሁላችንም አብርተን እንውጣ። «አጥፋ» የሚል እጅ ሲዘረጋልን በፈገግታ አመስግነን እንለፍ። እኛም በቀን አብርቶ የሚመጣ መኪና ስናይ አጥፋ ብለን ጣታችንን ከመዘርጋት ይልቅ የራሳችንን መብራት እናብራ።