ጭቃው ሳይሸፍነው እንጻፈው
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከእድሳት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የቀረብነው ዕድራችን የሚያሳድሰው የእናታችን ቤት ከምን እንደ ደረሰ ለማስረዳት ነው። ቤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ አብጦ ስለ ነበር እናታችን ክረምቱን ጎረቤት እያደሩ ነው ያሳለፉት። አሁን የፊቱና የግራው ግድግዳ ተመርጓል። የጓሮው ግን ገና ማገሩ እንደ ተመታ ቆሟል። ሰኔ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ሥራው ሲጀመር፣ ጭቃ የሚሸፍነውን ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት በደብተር ልንጽፍና ፎቶግራፍ ልናነሳ ተስማምተን ነበር። አንዳንዶቻችሁ «ቤት ይሠራል እንጂ ይጻፋል እንዴ!» ብላችሁ ስቃችሁብናል፤ ክፋት የለውም። ታዲያ ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን «ለቋሚ ተብሎ ገንዘብ ወጥቷል፤ ቋሚው የታለ? እኛ የምናየው ጭቃ ነው» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የእርሳቸውም ነውና። ደብተሩን ገልጠን ከበሩ ወደ ግራ እየቆጠርን አሳየናቸው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና ሰባተኛው ተቀይረዋል፤ የቀሩት ሥራቸው ተቆፍሮ ደህና ሆነው ስለ ተገኙ አልተነኩም። ይህን ለማረጋገጥ አንድ እፍኝ ጭቃ መቅረፍ አላስፈለገም።

ባሕር ዛፍ የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬቱ ወለል አካባቢ ነው። እዚያ እርጥበትም አየርም ይደርሰዋል፤ ምስጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል ቋሚ ከታች ዱቄት ሆኖ ይገኛል። በዚህ ቤት የተበላሹት ሦስቱም አሸንዳ በሌለበት በኩል፣ የጣሪያው ውሃ ወርዶ ከሚፈነጥቅበት ቦታ የነበሩ ናቸው። በደብተሩ ባይጻፍ ኖሮ ጥፋቱን ለምስጥ ብቻ ሰጥተን እናልፈው ነበር። አሁን ግን አሸንዳው ከቀለሙ ይቀድማል ብለን ወስነናል። ቀለም ለምትወዱ ይቅርታ!

ቀን መጻፍም ቁም ነገር አለው። ጭድ የገባበት ጭቃ ተረግጦ፣ ጥቂት ቀን ቦክቶ ይመረጋል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስንጥቁን የሚደፍነው ሁለተኛው ምርጊት ነው። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደረብበት፣ ይባስ ብሎም ሲሚንቶ ቢለሰንበት፣ ልስኑ ይላቀቃል። ባለሙያው «ደርቋል» ሲል እኛ ደግሞ የተመረገበትን ቀን ከደብተሩ እናያለን። በዚህ ምክንያት አንድ ሁለት ጊዜ ተከራክረናል፤ ተኳርፈንም ታርቀናል።

ቤታችሁን ለማደስ የምታስቡ አያያዙን ብትጠይቁ ቀላል ነው። ፎቶግራፉን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱ፤ በሩ ወይም መስኮቱ ይግባበት፣ ሜትርም አስደግፉ። ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ከግድግዳው ጋር አብራችሁ አንሱት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ፎቶግራፍም ከሰው ወደ ሰው ሲላክ የተነሳበት ቀን አብሮት ላይሄድ ይችላል። በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን የመብራት መስመር በተለይ አትርሱ፤ ነገ ሚስማር የሚመታው ልጃችሁ ነው። ደረሰኝ ከደብተሩ ጋር ይሰፋ። አሮጌው ቆርቆሮ ስንቱ ተመልሶ እንደ ተመታ፣ ስንቱ እንደ ተጣለ ይቆጠር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ዛሬም «የቀበሌ ቤት» በምንለው ውስጥ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ቤት የምትኖሩ ከማደሳችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የፈቃዱን ቅጂም ከደብተሩ አኑሩ። ነባሩ ክፍል የትኛው፣ የተጨመረው የትኛው እንደ ሆነ ክርክር ሲነሳ ጎረቤት መመስከሩ አይቀርም፤ ጎረቤት ግን ይሞታል፣ ሰፈርም ይለቃል።

ወደ እናታችን ቤት እንመለስ። ለጓሮው ግድግዳ አፈሩና ጭዱ ቀርቧል። ቋሚዎቹ ሥራቸው የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ተተክለዋል፤ ፎቶግራፋቸውም ተነስቷል። የጎደለው የሰው ጉልበት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጭቃው ይረገጣልና ጎረምሶች ባዶ እግራችሁን ኑ፤ ቡናውን እናቶች ችለውናል። ደብተሩ ከዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ስላለ፣ ማየት የሚፈልግ አባል ሁሉ ጠይቆ ማየት ይችላል።