ለውጡ ዓይናችን እያየ ሲያመልጠን
(በመካነ ሰላም በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ የቀረበ ንግግር)



«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። መሄድ ሲጀምርማ ማንም ያየዋል፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ጉግል ኧርዝ እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ የተነሱ የሳተላይት ምስሎችን እንደ ፊልም ያሳያል። እስቲ የደንቆሮ ጫካን፣ የዛሬውን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ፈልጋችሁ ፊልሙን ልቀቁት። ሲያልቅ «የጫካው ጠርዝ በየት በኩል ተነካ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ቀላል አይደለም።

ዓይናችን ድንገተኛ እንቅስቃሴ ይስበዋል፤ ዝግ ያለ ለውጥ ግን ያመልጠዋል። ዳንኤል ሳይመንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ፎቶ ላይ ያለ ነገር ቀስ እያለ ሲለወጥ ብዙ ሰው እያየ አላስተዋለም። በ2011 ደግሞ ካሮሊን ፊሽና ባልደረቦቿ በሚንቀሳቀሱ ካርታዎች ላይ የባሰውን አገኙ፦ ተመልካቾች ለውጡን መለየት ይቸግራቸዋል፤ በችሎታቸው ግን ከልክ በላይ ይተማመናሉ።

መፍትሔው እዚሁ ወሎ አለ። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ቃሉን ሲያጠኑ የ1958ንና የ1986ን (እ.ኤ.አ.) የአየር ፎቶዎች አነጻጸሩ። መሐሉ ተዘሎ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቁጥቋጦው መሳሳቱ፣ ገላጣውና መንደሩ መስፋቱ ታየ።

በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሁለት ዓመት ምረጡ፤ ወሩ ግን አንድ ይሁን። የጥቅምትን ልምላሜ ከጥር ድርቀት ጋር ካነጻጸራችሁ፣ ያልተመነጠረ ጫካ ተመነጠረ ትላላችሁ። አረንጓዴ ሁሉ ጫካ እንዳይመስላችሁ፤ ጽዱ ጠፍቶ ባሕር ዛፍ ቢተካም ከላይ ያው አረንጓዴ ነው። የላንድሳት ምስል አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ገደማ የሆነችው አንዲት ጥማድ ሦስት ነጥብ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ በየዓመቱ አንዳንድ ጥማድ ቢታረስ ስክሪኑ ላይ ምንም የተፈጠረ አይመስልም። ያን ጊዜ ወርዶ ማየት፣ አባቶችን «ጫካው ድሮ እስከ የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ የቢሮ ጨዋታ አይደለም። ጠርዙ መገፋቱን በሃያ ዓመቱ ካወቅን፣ ገበሬው «የአባቴ እርሻ ነው» ይላል፣ ስካውቱ «የፓርክ ክልል ነው» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። በሁለተኛው ዓመት ብናየው ኖሮ ጉዳዩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር።