ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት

እሷ፦ መዳፍህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?

እሱ፦ ቅዳሜ ስልጠና ነበረኝ አላልኩሽም? ከበሮ የለ፣ ክራር የለ፤ እጅ፣ ደረት፣ ጭን፣ እግር ብቻ።

እሷ፦ ጭብጨባ ደግሞ ስልጠና ይፈልጋል? ሰርግ ቤት ያደገ ሰው!

እሱ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት። አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሁለት ሰው የደረሰው ሙዚቃ አለ፤ መሣሪያው አራት መዳፍ ነው። ሦስት አጨብጭበሽ አንድ ምት ዝም፤ ሁለት፣ ዝም፤ አንድ፣ ዝም፤ ሁለት፣ ዝም። ድምሩ 12 ምት።

እሷ፦ ይኼማ ቀላል ነው።

እሱ፦ ቆይ እንጂ! አንዱ ያንኑ ይደጋግማል። ሌላው ጥቂት ከደገመ በኋላ አንድ ምት ይሸሻል፣ እንደገና አንድ፣ እንደገና አንድ... በ12ኛው ሽሽት ተመልሰው ይገጥማሉ።

እሷ፦ አንተ ስንተኛው ላይ ጠፋህ?

እሱ፦ መጀመሪያው ላይ! እጄ ጎረቤቴን ተከትሎ ሄደ። አሰልጣኟ እጃችንን አስትታ በእግር እያስረገጠች በአፍ አስቆጠረችን። እግር መሬቱን ሲይዝ፣ እውነትም እጅ ይረጋል።

እሷ፦ ታዲያ ከእኛ ጭብጨባ በምን ይለያል? እስክስታ ወራጁን የሚይዘው እኮ እሱ ነው።

እሱ፦ ሰርግ ላይ ብትስቺ አጠገብሽ ያለው ይመልስሻል። እዚህ የሚያሳስትሽ እሱ ራሱ ነው።

እሷ፦ በል እንሞክረው። እኔ ባለሁበት እቆያለሁ፣ አንተ ሽሽ።

እሱ፦ እሺ፤ ብቻ ማይኩን ራቅ አድርጊው!